ውኃ ቀጂው አምበል

ስድብ ብዙ ጊዜ ከተሰዳቢው ይልቅ ስለተሳዳቢው ይናገራል። በ1996 ዓ.ም. ኤሪክ ካንቶና የተባለው ስመ ጥር ፈረንሳዊ እግር ኳስ ተጫዋች የአገሩን ልጅ ዲዲዬ ዴሻምፕን «ውኃ ቀጂ» ሲል ዘለፈው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጸ በስተቀር፣ የአውሮፓውያን ናቸው።) ነገሩ ሲብራራ፣ ሰውየው ያለውን ሁሉ ስለሚሰጥ ነው እንጂ ከውኃ ቀጂነት የሚያልፍ ችሎታ የለውም፣ የእርሱ ዓይነቱ በየመንገዱ ጥግ ሞልቷል ማለቱ ነበር።

ካንቶና በዚያን ጊዜ የማንቸስተር ዩናይትድ ንጉሥ ነው። የማሊያውን ኮሌታ አቁሞ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚራመድ፣ ሕዝብ ስሙን እየጠራ የሚዘምርለት ሰው። ዴሻምፕ በበኩሉ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ግብ የማያገባ፣ ተከላካይ አታልሎ የማያልፍ፣ ኳስ እግሩ ሥር ሁለት ሰከንድ የማትቆይ ተጫዋች ነው። ይሁንና የብሔራዊው ቡድን የአምበልነት ጨርቅ የታሰረው በዴሻምፕ ክንድ ላይ ነበር። ካንቶና ደግሞ በጥር 1995 አንድ ተመልካች በካራቴ ርግጫ መትቶ ከታገደ ወዲህ ለአገሩ ዳግም አልተጠራም። እንግዲህ ስድቡ ከየት እንደመነጨ መገመት አያዳግትም።

ቃሉ የተወለደው ኳስ ሜዳ ላይ አይደለም። ፈረንሳዮች የወሰዱት ከብስክሌት ውድድር ነው። በቱር ደ ፍራንስ እያንዳንዱ ቡድን አንድ መሪ ጋላቢ አለው። የቀሩት ከፊት ከፊቱ እየነዱ ነፋሱን ይከላከሉለታል፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ከቡድኑ መኪና የውኃ ኮዳ ይቀበሉና ማሊያቸው ውስጥ ሸጉጠው ያመጡለታል፤ ጎማው ሲተነፍስ የራሳቸውን ነቅለው ይሰጡታል። በመጨረሻ ቢጫውን ማሊያ የሚለብሰው መሪው ነው። የእነርሱ ስም በጋዜጣው ታችኛ ጥግ በደቃቅ ፊደል ይወጣል፤ አንዳንዴም አይወጣም።

ይህ ቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ ይከብዳል። መጽሐፈ ኢያሱን ያነበበ ሰው የገባዖን ሰዎች በማታለላቸው ምን እንደተፈረደባቸው ያስታውሳል፤ እንጨት ቆራጭና ውኃ ቀጂ ሆነው እንዲኖሩ ነው። ከጥንትም ቅጣት ነበር ማለት ነው። ለእኛ ግን «ውኃ ቀጂ» ከመጽሐፍ የሚገኝ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሴት ናት። ገመድ ያሰመረው ትከሻ አላት፣ ሌሊቱ ሳይነጋ ቦኖው ፊት ወረፋ ያስያዘችው ቢጫ ጀሪካን አላት።

በእኛ ቤት ይህች ሰው ታላቅ እኅቴ ነበረች። እትዬ ነው የምላት። እናታችን በታመመች ጊዜ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ውኃውንም፣ ምጣዱንም፣ አራት ወንድሞቿንም ተረከበች። እኔ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ የተመረቅሁ ዕለት ቤት ውስጥ በተደረገችው ትንሽ ድግስ ላይ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ተነሥተው መረቁ። አባቴን አመሰገኑ። መምህራኑን አመሰገኑ። የእኔን ብርታት ሳይቀር አነሡ። እትዬ በዚያ ሰዓት ጓዳ ውስጥ ወጥ ታወጣ ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም። ጋኑ ሙሉ ሲሆን ማን ሞላው ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የጎደለ ዕለት ነው።

ስለዚህ የካንቶናን ዘለፋ ባነበብሁ ጊዜ ገለልተኛ ዳኛ ልሆን አልቻልሁም። ወገን ነበረኝ። የተሰደበውን ሰው ታሪክ መከታተል የጀመርሁትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ዴሻምፕ የተወለደው ኦክቶበር 15 ቀን 1968 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በባስኮች ምድር፣ ባዮን በምትባል ከተማ ነው። አገሩ ከእግር ኳስ ይልቅ ራግቢ የሚወደድበት አገር ነው። በዐሥራ አራት ዓመቱ ከወላጆቹ ተለይቶ የናንት ክለብ የወጣቶች ማሠልጠኛ ገባ። ገና በዐሥራ ስድስት ዓመቱ በ1985 ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው አምበል አደረጉት። በዲሴምበር 1987 ታላቅ ወንድሙ በአውሮፕላን አደጋ ሞተበት፤ ዴሻምፕ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ሐዘን በአደባባይ ብዙ ሲናገር አይሰማም። ገና በለጋነቱ እንደ ሽምግሌ የሚያስብ ልጅ ነበር የሚሉት ሰዎች ይህን ኀዘን መርሳት የለባቸውም።

በ1989 ወደ ማርሴይ ሄደ። እዚያ ግን ወዲያው አልታመኑበትም፤ ከ1990 እስከ 1991 ለቦርዶ በውሰት ተሰጠ። ተመልሶ መጣ። በሜይ 26 ቀን 1993 ሙኒክ ላይ ባዚል ቦሊ በቴስታ ባገባት አንዲት ግብ ማርሴይ ኤሲ ሚላንን ሲያሸንፍ ዋንጫውን ያነሣው የሃያ አራት ዓመቱ አምበል ዴሻምፕ ነበር። የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ ያነሣ በዕድሜ ትንሹ አምበል ሆነ። ደስታው ግን አልጠራም። ክለቡ ከዚያ ፍጻሜ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ከቫለንሲየን ጋር ባደረገው ግጥሚያ ለተቃራኒ ተጫዋቾች ጉቦ መስጠቱ ተደረሰበትና የ1993 የፈረንሳይ ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ፤ በኋላም ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 17 ቀን ፓሪስ ላይ ፈረንሳይ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከቡልጋሪያ ጋር አቻ መውጣት ብቻ ይበቃት ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩ ኮስታዲኖቭ ሁለተኛውን አገባና ሁሉም ነገር ፈረሰ። ያን ምሽት የፈረንሳይን ግብ ያገባው ካንቶና ነው። ዴሻምፕም ሜዳ ላይ ነበር። ንጉሡና ውኃ ቀጂው አንድ ሽንፈት አብረው ጠጥተዋል።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ዴሻምፕ በ1994 ወደ ጁቬንቱስ ተሻገረ። ሦስት ጊዜ የኢጣልያ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1996 ሮም ላይ አያክስን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው ሁለተኛውን የአውሮፓ ዋንጫ አገኘ፤ በ1997ና በ1998 ለፍጻሜ ደርሰው ተሸነፉ። ካንቶና በተሳደበ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ የዓለም ዋንጫ ፓሪስ መጣ።

ጁላይ 12 ቀን 1998 በእኛ ሐምሌ 5 ቀን 1990 ነው። የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ጨዋታው የተጀመረው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አራት ሰዓት ስለነበር ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤታችን ቤት ግማሹ ሕፃን ወለሉ ላይ እንቅልፍ ጥሎት ነው ያለቀው። ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 አሸነፈች። ዚዳን በቴስታ ሁለት አገባ። በማግሥቱ ጭቃው ላይ በጨርቅ ኳስ ስንጫወት ሁላችንም ዚዳን ነበርን። ጥቂቶች ሮናልዶ ለመሆን ተስማሙ። ዴሻምፕ ልሁን ያለ ልጅ አልነበረም፤ እንዲያውም ያ ዋንጫውን መጀመሪያ ያነሣው ሰውዬ ማን እንደሆነ የጠየቀ እንኳ አላስታውስም።

ለመሆኑ ሰውዬው ሜዳ ላይ ምን ነበር የሚሠራው? የድሮ ጨዋታዎችን እየመላለሰ ያየ ሰው ቀስ እያለ ይገባዋል። ዴሻምፕ ከተከላካዮቹ ፊት ይቆማል። የቀኙ ተከላካይ ቱራም ወይም የግራው ሊዛራዙ ወደ ፊት ሲሮጥ፣ የተተወውን ባዶ ስፍራ ሄዶ ይሞላል። ኳስ ይነጥቅና በአንድ ንክኪ ቅርቡ ላለው ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ ያ ቅርብ ያለ ሰው ዚዳን ነው። ከዚያም ይናገራል፤ እጁን እየጠቆመ፣ እየጮኸ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ሌላውን ወደ ኋላ ይገፋል። ይህ ሁሉ በፊልም ቅንጭብ ውስጥ አይገባም። ለብሔራዊ ቡድኑ 103 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው ግብ 4 ብቻ ነው። በ2000 ደግሞ ሮተርዳም ላይ ኢጣልያን 2 ለ 1 አሸንፈው የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሡ አምበሉ እርሱው ነበር። በ2001 ጫማውን ሰቀለ። ሠላሳ ሦስት ዓመት አልሞላውም።

ጫማውን እንደሰቀለም በዚያው ዓመት የሞናኮ አሠልጣኝ ሆነ። የመጀመሪያው ዓመት አልቀናውም። በ2004 ግን ይህ ትንሽ ክለብ ሪያል ማድሪድንና ቼልሲን ጥሎ ለአውሮፓ ሻምፒዮኖች ፍጻሜ ደረሰ፤ በሞሪንሆ ፖርቶ 3 ለ 0 ተሸነፈ። በ2006 ጁቬንቱስ በዳኞች ምደባ ቅሌት ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ሲወርድና ነጥብ ሲቀነስበት ሌላው ሲሸሽ እርሱ ገባበት፤ ቡድኑን ወደ ነበረበት መልሶም ከኃላፊዎቹ ጋር ባለመስማማቱ ወጣ። በ2010 ማርሴይን ከ18 ዓመት በኋላ የፈረንሳይ ሻምፒዮን አደረገ። በጁላይ 2012 የብሔራዊውን ቡድን ተረከበ። ይህ ቡድን ከሁለት ዓመት በፊት በደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾቹ ከአውቶቡስ አንወርድም ብለው ልምምድ በማቆማቸው አገሩን ያሳፈረ ቡድን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት እወዳለሁ። ለዴሻምፕ የመጀመሪያውን የብሔራዊ ቡድን ማሊያ በ1989 የሰጠው አሠልጣኝ ሚሼል ፕላቲኒ ነበር። ፕላቲኒ በተጫዋችነቱ ከፈረንሳይ ምድር ከበቀሉት ታላላቆች አንዱ ነው። በአሠልጣኝነቱ ግን በ1992 ስዊድን ላይ ቡድኑ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ከምድቡ ተሰናበተና ሥራውን ለቀቀ። ተሰጥዎ ያለው ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ስለማያውቅ ለሌላው ማስረዳት ይቸገራል ይባላል። ውኃ ቀጂው ግን የሁሉንም ጥማት ማወቅ ግዴታው ነው። ማን ቶሎ ይደክማል፣ ማን ሲሰደብ ይበረታል፣ ማን ሲሰደብ ይሰበራል፣ የትኛው ስፍራ ባዶ ይቀራል። ይህን ሳያውቅ አንድ ቀን ሊሠራ አይችልም። አሠልጣኝነት ማለት ደግሞ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

አንባቢ «ዚዳንስ?» ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል። ልክ ነው። ዚዳን ሪያል ማድሪድን ይዞ ከ2016 እስከ 2018 በተከታታይ ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። ሕግ አላወጣሁም። የማየው አንድ መንገድ እንዳለ ብቻ ነው፤ ያም መንገድ ከጓዳ ወደ አዳራሽ የሚወስደው ነው።

ዛሬ እትዬ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ምግብ ቤት አላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥግ ይዤ ስጽፍ አያት ነበር። ደንበኛ በሞላበት ሰዓት ከሁሉም ቀልጣፋ የሆነችውን አስተናጋጅ ጠርታ «አንቺ ግቢና ትንሽ ተቀመጪ» አለቻት። ልጅቱ አልደከመኝም አለች። እትዬ አልተከራከረችም፤ ትሪውን ተቀብላ ለሌላዋ ሰጠች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጅቱ ጓዳ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ አየኋት። የራሷን ገመድ ያልረሳች ሰው የሌላውን ትከሻ ታያለች።

ጁላይ 15 ቀን 2018 ሞስኮ ላይም እንዲሁ ሆኗል። ፈረንሳይ ከክሮኤሺያ ጋር ለፍጻሜ ቀርባ 2 ለ 1 እየመራች ነበር። የዚያ ቡድን ውኃ ቀጂ ንጎሎ ካንቴ ነው፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ በውድድሩ ሁሉ ለሁለት ሰው ሲሮጥ የከረመ። ያን ቀን ግን እግሩ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ከዕረፍት መልስ ዐሥር ደቂቃ እንዳለፈ ዴሻምፕ አስወጣውና ንዞንዚን አስገባ። በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ በአንድ ግብ ልዩነት፣ የቡድኑን ምሰሶ መንቀል ቀላል ውሳኔ አይደለም። ከዚያ ፖግባ አገባ፤ ምባፔ አገባ፤ 4 ለ 2 አለቀ። የፊት መስመሩ አጥቂ ኦሊቪዬ ዢሩ በሰባቱም ጨዋታዎች ተሰልፎ አንድ ግብ እንኳ አላገባም። አሠልጣኙ ግን አላወጣውም፤ ለሌሎቹ ቦታ እየከፈተ እንደሆነ ያውቅ ነበርና። ዴሻምፕ ከዛጋሎና ከቤክንባወር ቀጥሎ በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም የዓለም ዋንጫን ያገኘ ሦስተኛው ሰው ሆነ።

መቼም ወገን አለኝ ብያለሁና ነቀፌታውን ደብቄ ማለፍ አይገባኝም። አንደኛው፣ ቡድኑ አያምርም የሚለው ነው። በ2018 በግማሽ ፍጻሜው 1 ለ 0 የተሸነፉት ቤልጂየሞች አጨዋወቱን አማርረዋል። እንደ ምባፔ ያለ ልጅ ይዞ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ምን የሚሉት ነው? ዴሻምፕ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴትዮ ተረት የሰማ ሰው ይመስላል፤ ቆጡን ቀና ብሎ አያይም። ውኃ የተሸከመ ሰው አይጨፍርም፤ ይደፋበታላ። ይህ ጥበብም ነው፣ ድህነትም ነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። በ2015 ካሪም ቤንዜማ የቡድን ጓደኛውን ቫልቡዌናን በቪዲዮ ለማስፈራራት በተደረገ ሙከራ እጁ አለበት ተብሎ ተጠረጠረና ከብሔራዊው ቡድን ወጣ። በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ፈረንሳይ ውስጥ ሲካሄድ አልተጠራም። ያኔ ካንቶና ብቅ አለና ቤንዜማ የቀረው በሰሜን አፍሪካዊ ዘሩ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። ቤንዜማም አሠልጣኙ ለዘረኞች ግፊት ተንበረከከ አለ። በብሪታኒ ያለው የዴሻምፕ ቤት ግድግዳ ላይ «ዘረኛ» የሚል ቃል ተጽፎ ተገኘ። ልጆቻቸው ከአፍሪካ ከመጡ ቤተሰቦች የተወለዱበትን ቡድን ለዓመታት የመራ ሰው በዚህ መከሰሱ እኔን አያሳምነኝም። ነገር ግን ለቡድኑ ሰላም ሲባል አንድ ሰው ከፍርድ በፊት አምስት ዓመት ተኩል ያህል ደጅ መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ዴሻምፕ በ2021 መልሶ ጠራው፤ ፍርድ ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቤንዜማን ጥፋተኛ ብሎ በገደብ እሥራት ቀጣው። ውኃ ቀጂ ሲሾም ደግነት ብቻ ይዞ አይመጣም። የጋኑን ሥርዓት ያወከ ሰው ማንም ይሁን ማን ያስወጣል። እትዬም እንዲህ ናት፤ ከወንድሞቼ አንዱ ሰክሮ የመጣ ሌሊት በሩን አልከፈተችለትም።

ሽንፈትንም እናንሣ። በ2016 በገዛ አገራቸው በፖርቱጋል በጭማሪ ሰዓት ተሸነፉ። በዲሴምበር 18 ቀን 2022 ኳታር ላይ አርጀንቲና 2 ለ 0 ስትመራቸው ዴሻምፕ ዕረፍት ሳይደርስ፣ በ41ኛው ደቂቃ፣ ያንኑ ዢሩንና ዴምቤሌን አስወጣ። በብብቱ ያለው ሁሉ ስለወደቀ ለአንድ ጊዜ ቆጡን ቀና ብሎ አየ ማለት ነው። ምባፔ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት አገባ፤ 3 ለ 3 ደረሱ፤ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። እኔ በዲኤስቲቪ ቤት ነበር ያየሁት። ሰው ሁሉ ስለሜሲ ሲያወራ ነጋ። በጥር 2025 ዴሻምፕ ከ2026 የዓለም ዋንጫ በኋላ ሥራውን እንደሚለቅ አስታወቀ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሰው ደስ ይለዋል። የተናቀው ነገሠ፣ የተሳደበው አፈረ። እኔም ብዙ ጊዜ እንዲሁ አድርጌ ለጓደኞቼ አውርቼዋለሁ። ዳሩ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ዴሻምፕን ያከበርነው ውኃ ስለቀዳ ነው ወይስ ዋንጫ ስላነሣ? ሦስቱን ትልልቅ ዋንጫዎች በአምበልነት ባያነሣ ኖሮ የካንቶና ቃል ስድብነቱ ቀርቶ እውነት ተብሎ ይኖር ነበር። ከእርሱ ጋር በዚያው ሥራ ላይ የነበሩ፣ በዚያው ልክ የሮጡ፣ ዋንጫ በሌለበት ክለብ ያረጁ ስንት አሉ? እነርሱ በእርግጥም በየመንገዱ ጥግ አሉ። ካንቶና በቁጥሩ አልተሳሳተም። የተሳሳተው መብዛታቸው ዋጋቸውን ያረከሰው መስሎት ነው። ውኃም እኮ ብዙ ነው።

እትዬ ዋንጫ የላትም። ምግብ ቤቷ ነገ ቢዘጋ እንኳ እነዚያ ከቦኖ የመጡ ጀሪካኖች አራት ሰዎችን አሳድገዋል። ይህን ለማክበር የግድ የስኬት ታሪክ እንዲሆን መጠበቅ የለብንም። ስለ ዴሻምፕ ስነግራት በጽሞና አዳመጠችኝና የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያ የሰደበውስ ልጅ፣ ውኃ ሲጠማው ማን ነበር የሚያመጣለት?»

አንባቢ ሆይ፣ የሚቀጥለውን ጨዋታ ስታይ ለዐሥር ደቂቃ ኳሱን ተወው። ኳሱ የሌለበትን ስፍራ እይ። አንድ ሰው ሌላው ጥሎት የሄደውን ባዶ ቦታ ለመሸፈን ሲሮጥ ታገኘዋለህ፤ ካሜራው ብዙም አይከተለውም። ስሙን ባታውቀው ከአጠገብህ ያለውን ጠይቅ። ምናልባት እርሱም አያውቀው ይሆናል፤ ያን ጊዜ አብራችሁ ፈልጉት።